የእኛ ግንብ የታለ?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የስልክ ፎቶ ነው። ጎንደር ደርሶ የተመለሰ ጓደኛችን ፋሲል ግቢ ውስጥ የተነሳውን ፎቶ እዚህ ወለጋ፣ ጊዳ አያና ቡና እየጠጣን ሲያዞረው፣ ከመሃላችን አንዱ ስልኩን ተቀብሎ ሲያገላብጥ ቆየና "እሺ፣ የእኛስ ግንብ የታለ?" አለ። ሳቅን። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ ጥያቄው አልለቅ አለኝ። እውነትም፣ ከአባይ ማዶ ሦስት አራት መቶ ዓመት የቆመ ድንጋይ ሲኖር ከአባይ ወዲህ ለምን የለም? ድንጋይ አጥተን ነው? ግንበኛ አጥተን? ወይስ ንጉሥ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ላጫውታችሁ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ካልሆነ እያንዳንዷን ስንቀንስና ስንደምር እንውላለን።

መጀመሪያ አቀማመጡን ልብ በሉልኝ። ከጊዳ አያና ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትነዱ ነቀምቴ ትገባላችሁ። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ብትቀጥሉ ደግሞ አባይን ተሻግራችሁ ቡሬ ናችሁ፤ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ጎንደር። እኛ መሃል ላይ ነን። ወደ አንዱ ጫፍ ብንሄድ የፋሲልን ድንጋይ እናገኛለን፣ ወደ ሌላው ብንሄድ የነቀምቴውን ገዢ የኩምሳ ሞረዳን የእንጨት ግቢ። ለጥያቄው መልሱ የሚገኘው ሁለቱን አብሮ በማየት ይመስለኛል።

ከቃሉ እንጀምር። ካብ አለ፣ ግንብ አለ። ካብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ በራሱ ክብደት የሚቆም ነው፤ ማንም ገበሬ በእርሻው ዳር ይክባል። ግንብ ግን በድንጋዮቹ መካከል የሚያያይዝ ነገር ይፈልጋል፤ ጭቃ፣ ኖራ፣ ዛሬ ደግሞ ሲሚንቶ። የአክሱም ሰዎች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ፣ በጭቃ እያያዙ ትልልቅ ቤቶችን ሠርተዋል። የዱንጉር ፍርስራሽ የዚያ ምስክር ነው። ላሊበላ ደግሞ ከአለት ተፈለፈለ እንጂ አልተገነባም፤ እዚያ ድንጋዩ ከመጀመሪያውም አንድ ስለሆነ ማያያዣ አላስፈለገውም። ጎንደር ላይ የምናየው ዓይነት፣ ዝናብን ተቋቁሞ ለዘመናት የሚኖር ባለ ፎቅ ግንብ የመጣው ከእነዚህ ሁሉ ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ እኔን ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። ሰዉ የድሮ ግንብ ሲያይ "የመካከለኛው ዘመን" ማለት ይወዳል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት መጽሐፍ የያዙት ዘመን ከ1270 እስከ 1527 ያለውን ነው፤ የኛ መካከለኛ ዘመን የሚባለው እሱ ነው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ የት ይኖር ነበር? ድንኳን ውስጥ። አውሮፓ ውስጥ ባላባቱ ሁሉ በየኮረብታው የድንጋይ ምሽግ ሲያቆም፣ የኛ ንጉሠ ነገሥት በበቅሎ የሚጫን ቤተ መንግሥት ነበረው።

በ1520 የመጣው ፖርቹጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን የልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል። ከተማው የድንኳን ከተማ ነው፤ ግን ዝርክርክ አይደለም። የንጉሡ ድንኳን የት፣ የቤተ ክርስቲያኑ የት፣ የመኳንንቱ በየትኛው ወገን እንደሚተከል የታወቀ ነው፤ ሠራዊቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያው ከተማ በአዲስ ሜዳ ላይ እንደገና ይበቅላል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ግብሩ እህልና ከብት ነበረ። ያን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ንጉሡ ከማምጣት ንጉሡ ከነሠራዊቱ ወደ ግብሩ ቢሄድ ይቀላል። አንድ ቦታ የሰፈረ ሠራዊት የአካባቢውን እህል ይበላል፣ እንጨቱን ይጨርሳል፣ ከዚያ ይነሣል። ቀድሞ የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ የመጨረሻ ዓመታቱን ደብረ ብርሃን ላይ ረግቶ ቢኖር ለዘመኑ ሰው ያልተለመደ ነገር ሆኖበት ነበር።

እንግዲህ ድንኳኑ እንዴት ወደ ድንጋይ ተለወጠ?

በ16ኛው መቶ ዓመት አገሩ ተገለባበጠ። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ኢማም አሕመድ ልብነ ድንግልን ድል አደረገ፤ በ1543 ወይና ደጋ ላይ እሱም ወደቀ። በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። ከደቡብ ደግሞ የኦሮሞ ታላቅ እንቅስቃሴ ተጀምሮ ነበር፤ አባ ባሕርይ በ1593 ቁጭ ብሎ "እንዴት ድል ነሱን?" እያለ ሲመረምር የጻፈው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከነዚያ ውስጥ የመጫ ኦሮሞ ወደ ምዕራብ አቀና፤ ዛሬ ወለጋ የምንለውን አገር ያዘ። ከዚያ በፊት እዚህ ባዶ አልነበረም። ዳሞት የሚባለው አገር ከአባይ ወዲህ ነበር፤ ሕዝቡ ከፊሉ ተቀላቀለ፣ ከፊሉ ወንዙን ተሻገረ። ቡሬ ስትደርሱ አካባቢውን "ዳሞት" ሲሉት ብትሰሙ፣ ስሙ ከእኛ ወገን ወንዝ ተሻግሮ የሄደ ስም ነው።

ነገሥታቱም በበኩላቸው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጣና ዙሪያ ተገፉ። ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ሠርፀ ድንግል ሸዋን ትቶ መቀመጫውን እዚያ አደረገ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ እንፍራዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ጉዛራ የሚባል ግንብ አለ፤ በተለምዶ የእሱ ሥራ ነው ይባላል። ባለ ፎቅ ነው፣ ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማ አለው፤ የፋሲል ግንብ ታላቅ ወንድም ይመስላል። አሁን ነገሩን አገጣጥሙት። ንጉሡን ወደ ጣና ገፍቶ ጉዛራ ላይ ያስቀመጠው ዘመን፣ የመጫ ኦሮሞን አባይ ዳር ድረስ ያመጣው ዘመን ነው። ጎንደሬና ወለጌ ሳይተዋወቁ አንዱ የሌላውን ታሪክ ሲሠሩ ነበር ማለት ነው።

ወደ ኖራው ልሂድ፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል እሱ ነውና።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያላየ ከመሃላችን የለም። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ቀናት ይሰነብታል፣ ማገሩ ላይ ይመረጋል። ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ ክረምት ዘንቦ ሲያገኘው ግን ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ድንጋይ በጭቃ ብትይዙትም ያው ነው፤ ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ጭቃውን ሲያጥበው ግንቡ ወደ ካብነት ይመለሳል። ኖራ ሌላ ፍጥረት ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ውስጡ ያለው የተቃጠለ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው፣ ይወጣና ቀለል ያለ ነጭ ጓል ይቀራል። በዚያ ላይ ውኃ ስታፈሱበት ይነፋል፣ ይፈላል፣ ይሰነጣጠቃል። አንድ ጊዜ በባልዲ ሞክሬው ባልዲው እጄን ሊያቃጥለኝ ደረሰ፤ እሳት የለ፣ ምድጃ የለ። ያ ሊጥ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ከአየር ላይ ያንኑ ጋዝ ቀስ እያለ መልሶ ይስባል። ስቦም ምን ይሆናል? የኖራ ድንጋይ! ሰው ድንጋዩን አቃጥሎ አለሰለሰው፣ የፈለገው ቦታ አስገባው፣ እሱም እዚያው ተመልሶ ድንጋይ ሆነ። በየግንቡ ሥር "በእንቁላል የተቦካ ነው" የሚል አስጎብኚ አይጠፋም። ኖራ ግን እንቁላል ሳይለምን ይህን ሁሉ ያደርጋል።

ይህ ጥበብ አገራችን የተስፋፋው በሱስንዮስ ዘመን ነው። ሱስንዮስን ወለጋ ሆኖ የሚያነብ ሰው በተለየ ዓይን ያየዋል፤ በልጅነቱ በኦሮሞ ተማርኮ ከእነሱ ጋር ኖሯል፣ የውጊያቸውን ስልት ተምሯል፣ በ1607 ዙፋን የያዘውም በዚያ ስልት እየታገዘ ነው። ቤተ መንግሥቱ ደርሶ የነበረው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔሮ ፓይስ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ የድንጋይ ቤት አሠራለት። ፓይስ በ1622 ሞተ። ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1621፣ ከሕንድ የመጣ አንድ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚሁ አገር ውስጥ እንዳለ አገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ግንቡም ድልድዩም የተከታተለው። ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ የዚያ ዘመን ነው፤ አባይን በድንጋይ ቅስት ያሻገሩት ያኔ ነው።

ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ፣ አገሩ በደም ታጠበ፣ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ። ሃይማኖታቸውን አስወጣ፣ ኖራቸውን አስቀረ! በ1636 ጎንደርን መቀመጫው አደረገ፤ ግንቡንም ጀመረ። ስለዚህ "የጎንደርን ግንብ ፖርቹጋሎች ሠሩት" የሚላችሁን ሰው ቆም አድርጋችሁ ዓመቱን ቁጠሩለት። ሲሠራ እነሱ ተባረው ነበር። እጃቸው ያለበት የሕንድ ግንበኞች፣ የአገሬው ሰው፣ በተለይም በግንብና በአናጺነት ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ የአገሩ ባዛልት ነው፤ በበሩና በመስኮቱ ቅስት ዙሪያ ያለው ቀላ ያለው ደግሞ ለመጥረብ የሚመች ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። አራቱ ማዕዘኖች ላይ እንቁላል የሚመስሉ ጉልላቶች ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ልጁ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤት፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ የራሱን ግንብ፣ በካፋና ምንትዋብ የየራሳቸውን። ግቢው 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ 900 ሜትር በሚሆን አጥር ታጥሮ ቀረ። በ1699 ጎንደር የደረሰው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ የኢያሱን ቤተ መንግሥት ድምቀት እያደነቀ ጽፏል።

ገንዘቡስ? ይህን የሚጠይቅ ጓደኛ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ወደ እኛ ወገን ያመጣናልና። ዛሬ ሊሙ በምንለው አካባቢ የነበረው የእናርያ መንግሥት ወርቅ ይገብር ነበር፤ በ1588 ሠርፀ ድንግል ድረስ ሄዶ የእናርያን ገዢ ክርስትና አስነሥቶታል። ኢያሱም በ1704 አባይን ተሻግሮ እስከ ጊቤ ዘምቷል። በኋላ ግብሩ ሲቀር ንግዱ ቀጠለ። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ሰምና ማር ከዚህ ተነሥቶ በጉዱሩ አሰንዳቦ ገበያ አድርጎ አባይን ይሻገራል፤ ጎጃም ባሶ ላይ ይሸጣል ይለወጣል፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ምጽዋ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ነው። ባሪያም በዚያው መንገድ ይነዳ ነበር፤ ይህን ዘሎ የንግዱን ታሪክ ማውራት አይቻልም። የጎንደርን ድምቀት ካቆሙት ነገሮች አንዱ ከአባይ ወዲህ የሄደ ሀብት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ሀብቱ ከዚህ ከሆነ፣ ግንቡ ለምን እዚህ አልቆመም?

እንደሚመስለኝ መልሱ ስምንት ዓመት ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። አባ ገዳው ዘመኑን ይጨርስና ቦኩውን፣ የሥልጣን በትሩን፣ ለተከታዩ ያስረክባል፤ ከዚያ ተራ ሰው፣ ተራ ሽማግሌ ነው። ጉባኤው የሚቀመጠው በኦዳ ዛፍ ሥር ነው፤ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ያለው ኦዳ ቡሉቅ የታወቀ ነው። አሁን እናንተ አባ ገዳ ሁኑና አስቡት። ግንብ ለመጨረስ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሳያልቅ ዘመናችሁ ያልቃል። ቢያልቅስ ለማን ነው? ለልጃችሁ አታወርሱት፤ ሥልጣኑ የልጃችሁ አይደለምና። እናም ምክር ቤቱ ዛፍ ሆነ፤ ጣሪያ የማያስጠግን፣ ዘበኛ የማያስቀጥር።

ግንብ የሚሠራ ሰው፣ ባጭሩ፣ የሚወርሰው ልጅ ያለው ገዢ ነው። ይህን ሐሳብ የሚያጸናልኝ ነቀምቴ ነው፤ እዚያ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ መሄድ እንደጀመረ ቤተ መንግሥት ብቅ ብሏልና።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም፣ የገዳ ሥርዓት እየላላ የጦር መሪዎችና የገበያ ጌቶች እየበረቱ ሲመጡ፣ ነቀምቴ ባለችበት በለቃ አገር በከሬ ጎዳና የሚባል ሰው ገነነ። ገበያውን ያዘ፣ ጎረቤቶቹን በጦርም በጋብቻም አሰባሰበ። በ1868 ልጁ ሞረዳ በከሬ ተተካ። ሞቲ ሞረዳ ይሉታል፤ ሞቲ ንጉሥ ማለት ነው። በአባትና በልጅ ሁለት ዘመን ብቻ አገሩ ከአባ ገዳ ወደ ሞቲ ተሻገረ። የቤተ መንግሥቱ መጀመሪያም በ1870ዎቹ በሞረዳ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። የቀደሙት የአማርኛ ጽሑፎች ነቀምቴን "ለቀምት" ይሏታል፤ አሮጌ ደብዳቤ ላይ ብታዩት አትደናገሩ።

ሞረዳ ብልህ ሰው ነበር። በሰሜኑ የጎጃሙ ገዢ፣ በምሥራቁ የሸዋው ምኒልክ፣ ሁለቱም ዓይናቸው እዚሁ ንግድ ላይ ነው። ጁን 6 ቀን 1882፣ ሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ ሁለቱ ተጋጠሙ፤ የሸዋው ጦር፣ በራስ ጎበና ፈረሰኛ ጉልበት፣ አሸነፈ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረከ። ሞረዳ ጦርነት ሳይከፍት ለምኒልክ ገብሮ ደጃዝማች ተባለ። በወርቅና በዝሆን ጥርስ ግብር አገሩን ለራሱ ቤት አስቀረ። በ1889 ሲሞት ልጁ ኩምሳ ተተካ፤ ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፣ እሱም ደጃዝማች ሆነ፣ እስከ 1923 ገዛ። ዛሬ ግቢው የሚጠራው በእሱ ስም ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው አናሲሞስ ነሲብ በ1904 ነቀምቴ ሲገባ የተቀበለው ኩምሳ ነው፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1899 ነበር።

ግቢውን ስታዩት የፋሲልን ዓይነት ነገር ከጠበቃችሁ ትከፋላችሁ፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወደ አሥር የሚጠጉ ቤቶች ናቸው፤ ምሰሶው፣ በረንዳው፣ መከታው እንጨት ነው፤ በአሠራሩ ውስጥ ከዓረብ አገር የመጣ ጣዕምም አለበት። በኦሮምኛ መሰራ ይሉታል። ጅማ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤት ያየ ሰው ዘመድ መሆናቸውን ወዲያው ያውቃል። የሁለቱም ቤት የቆመው በንግድ ገንዘብ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ከሸቀጡ ጋር ወሬና ሞድም ይዞ ይመጣል።

ለምን እንጨት? እዚህ ላይ መልሱ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የነቀምቴ ዝናብ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ደኑ ያኔ በር ላይ ነው፤ ዝግባውም ዋንዛውም አጠገብ ነው፤ አናጺው ቤት ሥራ ያውቃል። ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ ከማስጠረብ ዛፍ መጣል ይቀላል። እርግጥ ለእንጨት የወለጋ ምስጥ አለ። አያቴ፣ እኛ አኮ የምንላት፣ ቤት በገባች ቁጥር ምሰሶውን በጣቷ መታ መታ ታደርግ ነበር። ልጅ ሆኜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ምሰሶ መታችና ድምፁ ለየት ሲልባት በጥፍሯ ጫረችው፤ ከላይ ቅርፊቱ ደህና ነበር፣ ከውስጥ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። በማግሥቱ አባቴ ምሰሶ ቀየረ። የእንጨት ቤት እንዲህ ነው፤ በየጊዜው ጆሮ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል።

የጎንደሩም የነቀምቴውም ግቢ ከተሠሩ ወዲህ ያዩት መከራ ብዙ ነው። የኢያሱ ግንብ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ፤ በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ጣሊያን ግቢውን መሥሪያ ቤት አድርጎት ስለነበር በ1941 የእንግሊዝ ቦምብ ወደቀበት። የነቀምቴው ደግሞ በኩምሳ ልጅ በደጃዝማች ሀብተ ማርያም ዘመን ሌላ ማዕበል ተቀበለ። በሰኔ 1936፣ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮም እዚያ ሞተ፤ ከተማዋም ቦምብ ቀመሰች። ከ1974 አብዮት በኋላ ግቢው ተወረሰ፣ የበከሬ ቤተሰብም ተበተነ። በኋላ ነው ለጎብኚ የተከፈተው።

አሁን ጓደኛዬ እንደገና "የእኛ ግንብ የታለ?" ቢለኝ የምመልሰው አላጣም። ጎንደር በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የገዳ ሥርዓትም በ2016 ሰፍሯል፤ በማይዳሰሰው ቅርስ መዝገብ። አንዱ ነገሥታቱ ለልጆቻቸው ያወረሱት ድንጋይ ነው፤ ሌላው ማንም ለልጁ እንዳያወርስ የተደነገገ ሥርዓት። የኩምሳ ግቢ ከሁለቱ መሃል ላይ ቆሟል፤ የገዳ አገር ውስጥ የበቀለ የንጉሥ ቤት ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ለማየት የሚያጓጓው እሱ ነው፤ አንድ ሕዝብ አስተዳደሩን ሲቀይር የቀረ አሻራ በእንጨት ላይ ይታያልና።

ወደ ነቀምቴ ለጉዳይ የሚሄድ ሰው ከመሃላችሁ አይጠፋም፤ ለባንክ፣ ለሐኪም፣ ለዘመድ ልቅሶ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን አንድ ሰዓት ጨምሩና ግቢውን እዩት። በረንዳው ላይ ስትወጡ ምሰሶውን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁ ከተለየባችሁ ለጠባቂው ንገሩ። የፋሲል ድንጋይ ሠላሳ ዓመት ቢረሱትም ይጠብቃችኋል፤ የኩምሳን እንጨት ግን ምስጥ አይታገሠውም።